«ሲስተም የለም» ሲባል ስንት ሚሊሰከንድ ነው?

ለቡ ሙዚቃ ቤት አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ገና በበሩ ስገባ ስታየኝ «ጋሼ፣ ዛሬም ሲስተም የለም» ትለኛለች። ኔትወርኩን የዘረጋሁላቸው እኔ ስለሆንኩ ሰላምታችን ይኸው ነበር። ሲስተሙ ግን አለ። ጀሞ መጋዘን የተቀመጠው ሰርቨር አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል፤ ስንት ቆርቆሮ እንደቀረ ያውቃል፤ ተጠይቆም መልሷል። ችግሩ መልሱ የደረሰው ደንበኛው ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ መንገዱን ከተሻገረ በኋላ መሆኑ ነው።

ሪል ታይም የሚባለው አሠራር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሰዓቱ ካለፈ ስህተት ነው። ሱቁ ለቡ፣ መጋዘኑ ጀሞ፣ ሒሳብ ክፍሉ ሜክሲኮ ሆኖ ሦስቱም በአንድ መረብ የሚሠሩ ሲሆን ደግሞ መዘግየቱ የት እንደተፈጠረ በዓይን አይታይም። የሱቁ ሰው መጋዘኑን፣ የመጋዘኑ ሰው ቴሌን፣ ሒሳብ ክፍሉ ሁሉንም ይከሳል። ይህ መመሪያ ክሱን ትቶ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ወደ ቁጥር ለመለወጥ ነው። የሚያስፈልግዎት ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ገመድ፣ በነፃ የሚገኙ ሦስት አራት ሶፍትዌሮችና አንድ ደብተር ነው። ደብተሩን አይናቁት።

ገደቡን ይጻፉ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው የፍጥነት መለኪያ ገጽ በመክፈት ነው። ያ ገጽ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚወርድልዎ ይነግርዎታል። የመንገዱን ስፋት ለካ ማለት ነው። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ግን ታክሲው በሰዓቱ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ይህን ለቡ ቆሞ ታክሲ ለጠበቀ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ መሣሪያ ከመክፈትዎ በፊት ደብተሩን ይክፈቱና በመረቡ ላይ የሚሠራውን እያንዳንዱን ሥራ ይዘርዝሩ፤ ከጎኑም «ከዚህ ካለፈ አይጠቅመኝም» የሚሉትን ጊዜ ይጻፉ። ለስልክ ንግግር የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር አለ፤ ድምፅ ከአፍ ተነስቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፣ 400 ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አይመከርም። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለቱም ሰዎች እኩል መናገር ይጀምሩና እኩል ዝም ይላሉ። የሽያጭ መዝገብ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሊታገሥ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ደንበኛዎ ነው። የጥበቃ ካሜራ ምስል አምስት ሰከንድ ዘግይቶ ቢታይ ማንም አይጎዳም።

የማይታገሡም አሉ። ከለቡ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው መስመር ከብዙዎቻችን ቤት ሩቅ አይደለም። በሰዓት 120 ኪሎሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ይጓዛል። «ቁም» የሚል ትእዛዝ ሦስት ሰከንድ ከዘገየ ባቡሩ 100 ሜትር አልፏል። እንዲህ ያለው መረብ ላይ ከገደቡ ያለፈች አንዲት መዘግየት እንኳ አትፈቀድም፤ የሚፈትኑትም የተመደቡለት ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ የሱቅ መረብ ቢዘገይ የምንከስረው ገንዘብ ነው። ይህን ልዩነት ከወዲሁ መጻፍ ይጠቅማል፤ አለበለዚያ ለካሜራው ምስል ስንል የባቡር ዋጋ እንከፍላለን።

ከዚያ ካርታ ይሳሉ። ሦስት ቦታ ካለዎት የሚለካው ሦስት ጥንድ ነው፤ መሄድና መመለስ ለየብቻ ስለሚታዩ ስድስት አቅጣጫ ይሆናል። አሥር ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት 45 ጥንድና 90 አቅጣጫ አለው። «ከዋናው ቢሮ ሞከርኩት፣ ደህና ነው» የሚል ቴክኒሺያን ካጋጠመዎት ከዘጠናው ስንቱን እንደሞከረ ይጠይቁት።

ሰዓቶቹን ያስታርቁ

ሁሉም የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ እኔም ዘልዬው ተቀጥቻለሁ።

መረጃው ተቆራርሶ የሚጓዝበት እሽግ፣ ፓኬቱ፣ ከለቡ ስንት ሰዓት ተነሣ? ጀሞ ስንት ሰዓት ገባ? ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ሰዓት ሲያነቡ ነው። ተራ የኮምፒውተር ሰዓት ከሚሊዮን 20 ያህል ቢስት በአንድ ቀን 1.7 ሰከንድ ይዛባል። በዚህ ሰዓት 20 ሚሊሰከንድ ለመለካት መነሣት በኩንታል ሚዛን ወርቅ እንደመመዘን ነው። መፍትሔው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ኤንቲፒ የሚባለው የሰዓት ማስታረቂያ ነው። ከመረብዎ ውስጥ አንዱን ማሽን፣ ለምሳሌ የጀሞውን ሰርቨር፣ መሪ ያድርጉት፤ ሌሎቹ እሱን ይከተሉ። አንድ ሌሊት ይተዉአቸው፤ ጠዋት ልዩነታቸውን ያንብቡ።

ኤንቲፒም ቢሆን አንድ እምነት አለው፤ ጥያቄው የሄደበትና መልሱ የመጣበት ጊዜ እኩል ነው ብሎ ይገምታል። በብዙ መስመር ላይ ግን መላኪያው ከማውረጃው ጠባብ ነው። በዚያ ጊዜ ሰዓቱ የሁለቱን ልዩነት ግማሽ ያህል ይስታል። በሁለቱም ጫፍ የጂፒኤስ ሰዓት ከሌለዎት የደርሶ መልሱን ጊዜ ይመኑ፤ የአንዱን አቅጣጫ ቁጥር በጥርጣሬ ይያዙት።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል ማሽኑ 9 ይላል፤ መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ የሚይዝ ማሽን ከሆነ ደግሞ 6 ይላል። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ስም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች አንዳንዴ ጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ብለው ይነሣሉ፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋን ልጅ «ሲስተም የለም ያልሽበትን ሰዓት ሁሉ ጻፊልኝ» ብያት ነበር። ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር በመስመር፣ «12 ከ10»፣ «12 ከሩብ»፣ «12 ከ10»። እኔም የራውተሩን መዝገብ ከፍቼ 12:10 ላይ ፈለግኩ። መስመሩ እንደ ውኃ የጠራ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ምንም ስላጣሁ «ምንም የለም፣ ምናልባት ፕሮግራሙ ነው» አልኳት። ልጅቷ እንደ መሳቅ ብላ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የማታውን ነው የጻፍኩት» አለችኝ። እሷ የጻፈችው የምሽቱን 12 ሰዓት፣ ማሽኑ 18 የሚለውን ነው፤ እኔ ስፈልግ የከረምኩት ቀትር ላይ ነበር። ስለዚህ በደብተርዎ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የማሽኑንም ይጻፉ።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

አሁን ይለኩ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከዋይፋይ አውጥተው በገመድ ራውተሩ ላይ ይሰኩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ ይህ ግዴታ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። በእርስዎ ፎቅ ላይ ያሉት ዋይፋዮች ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ። ዋይፋዩን በኋላ ለብቻው ይለኩታል።

«አለህ?» ብላ ጠይቃ መልሱ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የምትለካውን ፒንግ ወደ ራውተርዎ ይላኩ። በገመድ ከአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ካለፈ ችግሩ እቤትዎ ነው፤ ማንንም አይክሰሱ። ቀጥሎ ከራውተሩ ማዶ ወዳለው የመጀመሪያ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ወደ ጀሞ፣ ቀጥሎ ወደ ሜክሲኮ። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ጥርጣሬዎ ነው። ለቡና ጀሞ በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ጫፎች በተለያየ ድርጅት መስመር ላይ ከሆኑ ግን ፓኬቱ ከተማውን ዞሮ ሊመጣ ስለሚችል አይደነቁ።

መንገዱን በትሬስራውት ሲያዩ መሐል ላይ አንዱ ጣቢያ ዘግይቶ ቢመልስ ወይም ጭራሽ ባይመልስ አይደንግጡ። ራውተር ዋና ሥራው ማሳለፍ ነው፤ ለጠያቂ መልስ መስጠት ትርፍ ሥራው ነው። የመጨረሻው ጣቢያ በሰዓቱ ከመለሰ የመሐሉ ኩርፊያ አይመለከትዎትም።

የተፈጥሮን ወሰንም ይወቁ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። ከለቡ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ ሐዲዱን ተከትሎ ቢሄድ እንኳ ደርሶ መልሱ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 5 ሺህ ኪሎሜትር የሚርቅ የአውሮፓ ሰርቨር ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊመልስ አይችልም። በ5 ከመለሰልዎ የመለሰው እሱ ሳይሆን አጠገብዎ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ለዚህም ነው የለቡንና የጀሞን መስመር ለመፈተሽ ወደ ታወቀ የውጭ ድረ ገጽ ፒንግ መላክ የማይረባው። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሲኮም፣ ኢአይጂ እና ኤኤኢ-1 የተባሉት ኬብሎች ቀይ ባሕር ውስጥ ሲቆረጡ የብዙ አገር መስመር ተናግቷል፤ የእርስዎ ቆርቆሮ ቆጠራ ግን ባሕር መሻገር የለበትም።

የሥራዎን መልክ ይላኩ

ፒንግ ትንሽ ናት፤ በሰከንድ አንዴ ትሄዳለች። ሥራዎ እንደዚያ አይደለም። ጂ.711 በሚባለው አሠራር የሚደረግ አንድ የስልክ ንግግር በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት፣ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል፤ እያንዳንዱ ከነልብሱ፣ ማለትም ከነአድራሻው፣ 200 ባይት ነው፤ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። አይፐርፍ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በሁለቱም ጫፍ ይጫኑና በዩዲፒ ልክ ይህን መጠን፣ ልክ በዚህ ትንሽ ፓኬት እንዲልክ ያድርጉት። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራ ከሆነ አምስት ያድርጉት። ከዚያ አቅጣጫውን ገልብጠው ይድገሙት።

በሞባይል ኢንተርኔት የሚለኩ ከሆነ ሒሳብዎን ይያዙ። አንዱ ንግግር በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 36 ሜጋባይት ይበላል፤ ይህ ይቻላል። በሰከንድ 20 ሜጋቢት ለአንድ ደቂቃ የሚልክ ሙከራ ግን 150 ሜጋባይት ይዞብዎት ይሄዳል።

ውጤቱ ሦስት ነገር ይነግርዎታል፤ ስንቱ ጠፋ፣ ስንቱ ቅደም ተከተሉን ስቶ መጣ፣ መዋዠቁስ ምን ያህል ነው። መዋዠቅ ማለት የታክሲ ነገር ነው። ስድስት ሚኒባስ በየአምስት ደቂቃው ቢመጣና ግማሽ ሰዓት ጠፍተው ስድስቱም አንድ ላይ ቢመጡ በሰዓት የሚያልፈው የታክሲ ቁጥር አንድ ነው፤ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ግን አንድ ነው አይልዎትም። አይፐርፍ የሚሰጠው የመዋዠቅ ቁጥር እያንዳንዱን አዲስ ለውጥ በ16ኛ እጅ ብቻ እየቀላቀለ የሚያለሳልስ ስለሆነ አንዴ የደረሰ ትልቅ መዋዠቅ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ላይታይ ይችላል። የሰከንድ በሰከንድ ዝርዝሩን ይዩ።

ሲጨናነቅ ይለኩ

ባዶ መንገድ ላይ መኪና ሁሉ ፈጣን ነው። ዴንማርካዊው የስልክ መሐንዲስ ኤርላንግ የሰልፍን ሒሳብ በ1909 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር አለ። በቀላሉ የሰልፍ ሒሳብ መስመሩ በግማሽ ሲያዝ አንድ ፓኬት ወረፋውን ጨምሮ ባዶ መስመር ላይ የሚፈጅበትን ጊዜ ሁለት እጥፍ ይፈጃል፤ መስመሩ 90 ከመቶ ሲያዝ አሥር እጥፍ፤ 95 ሲደርስ ሃያ እጥፍ። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው አምስት መዘግየቱን ሁሉ እጥፍ አደረገችው። ደመወዝ በወጣ ማግስት ባንክ የገባ ሰው ሒሳቡን ሳይማር ያውቀዋል።

ሙከራው ቀላል ነው። ወደ ጀሞ ፒንግ እየሄደ ሳለ አንድ ትልቅ ፋይል ከለቡ መላክ ይጀምሩ። ፒንጉ ትንሽ ከጨመረ ደህና ነው። አሥርና ሃያ እጥፍ ከዘለለ ራውተርዎ ፓኬቶቹን ከመጣል ይልቅ ረጅም ወረፋ ላይ እያከማቸ ነው ማለት ነው፤ የስልኩ ድምፅም ከፋይሉ ኋላ ተሰልፏል። ብዙ ሰው ፓኬት አለመጣሉን እንደ ጥሩ ነገር ያያል። ለሪል ታይም ግን የዘገየ ፓኬት ከተጣለው አይሻልም፤ እንዲያውም ሌላውን ስለሚያስጠብቅ ይብሳል።

መደብሩ ውስጥ ይህን ሙከራ በማሽን ሰዓት 18:00 ላይ አደረግኩት። ፋይል ገና መላክ ሳልጀምር ፒንጉ ዘለለ። አንድ ሰው ቀድሞኛል። ዋየርሻርክ የሚባለውን የመረብ መመልከቻ ከፍቼ መስመሩን የያዘው ማን እንደሆነ ስመለከት የካሜራው መቅጃ ነው፤ የቀኑን ምስል በሙሉ ወደ ጀሞ እየላከ ነበር። ባለቤቱ ከወራት በፊት «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይላክ» ብለውኝ ነበር፤ ሰው በሌለበት ማለታቸው ነው። ያን ቀን በችኮላ 6 ፒኤም ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። መደብሩ ከሥራ መልስ በሚመጣ ደንበኛ ጢም በሚልበት በምሽቱ 12 ሰዓት ካሜራው መስመሩን ይይዘው ነበር።

አማካይ ያታልላል

መቶ ፒንግ ልከው 98ቱ በ40 ሚሊሰከንድ፣ ሁለቱ በ900 ቢመለሱ አማካዩ 57.2 ነው። በደብተር ላይ ያምራል። በሰከንድ 50 ፓኬት በሚልክ ንግግር ውስጥ ግን ከመቶ ሁለት ማለት በየሰከንዱ አንድ የተበላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩና ግማሹን፣ 95ኛውን፣ 99ኛውንና የመጨረሻውን ያንብቡ። ከገደብዎ ጋር የሚያወዳድሩት 99ኛውን ነው።

መረቡ የተበተነ ሲሆን ይህ ነገር ይባዛል። አንድ የሽያጭ ጥያቄ ለመመለስ አሥር ማሽን መጠየቅ ካለበትና እያንዳንዱ ከመቶ አንዴ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ከመቶ ደንበኛ አሥሩ ያህል ይጉላላሉ። እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ሲፈተሽ ግን 99 ከመቶ አልፏል።

መለኪያው ራሱ የሚዋሽበት መንገድም አለ። አንዳንድ መሣሪያ፣ የዊንዶውስ ፒንግን ጨምሮ፣ የመጀመሪያው መልስ ሳይመጣ ሁለተኛውን ጥያቄ አይልክም። መስመሩ ለሦስት ሰከንድ ቢደነዝዝ በሰከንድ አንዴ የሚጠይቀው መሣሪያ ሦስት መጥፎ ቁጥር መመዝገብ ሲገባው ቆሞ ጠብቆ አንድ ብቻ ይመዘግባል። ደንበኞቹ ግን ተራ አልጠበቁለትም፤ ሦስቱም መጥተው ነበር። መልስ መጣም ቀረም በሰዓቱ የሚልክ መሣሪያ ይምረጡ፤ የሊኑክስ ፒንግ እንዲህ ነው።

አውቀው ያበላሹት

ሙከራዎን በአንድ ቀን አይጨርሱ። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ የምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6፤ የሥራ ቀንና እሑድ፤ ዝናብና ፀሐይ። ቢያንስ ሙሉ ሳምንት።

ከዚያ መብራት የጠፋ ያስመስሉ። ራውተሩን ከሶኬት ይንቀሉና መልሰው ይሰኩት። የራውተሩ መብራት ሲበራ ሳይሆን የመጀመሪያው ሽያጭ እስኪያልፍ ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ቶሎ ይነሣል፤ ቅርንጫፎቹን የሚያገናኝ ቪፒኤን ካለዎት ግን እሱ ሌላኛው ጫፍ መውደቁን ስላላወቀ ደቂቃዎች ይፈጃል። በዩፒኤስ የሚሠሩ ከሆነ ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ራውተሩና ስዊቹም መሰካታቸውን ይዩ። ሰርቨሩ በርቶ ስዊቹ ጠፍቶ ሰው ሲሯሯጥ አይቻለሁ።

ሊኑክስ ላይ ኔትኤም የሚባል መሣሪያ አለ፤ መዘግየትና ፓኬት መጣልን እንደ ጨው በልክ ይጨምራል። በሙከራ ማሽን ላይ 100፣ 200፣ 400 ሚሊሰከንድ እየጨመሩ የሽያጭ ፕሮግራሙ የቱ ጋ እንደሚሰበር ይፈልጉ። ይህን በራስዎ መረብ ላይ ብቻ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ሽያጭ በሌለበት ሰዓት ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥፋቱ ከግቢዎ ውጭ ከሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ሲደውሉ «ኔትወርክ የለም» አይበሉ። «ከራውተሬ እስከ መጀመሪያው ጣቢያ በገመድ ለክቻለሁ፤ በዚህ ቀን በማሽን ሰዓት ከ18:00 እስከ 19:00 ከመቶ ሦስት ፓኬት ይጠፋል፤ ሌሊት ላይ አንድም አይጠፋም» ይበሉ። እንዲህ ያለ ስልክ የሚያነሣ ሰው ጥያቄውን የት እንደሚመራው ያውቃል።

አንድ ነገር ባስተካከሉ ቁጥር ያንኑ ሙከራ በዚያው ሰዓት ይድገሙት፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ የቱ እንደጠቀመ አያውቁም። እኔም የካሜራውን ሰዓት ወደ 00:00 አዞርኩና ለአንድ ሳምንት ምሽት ምሽት መደብሩ ውስጥ ተቀምጬ ለካሁ። ልጅቷም ደብተሯን አልተወችም። አሁን ገጹን በሁለት ከፍላዋለች፤ በግራ «በእኛ»፣ በቀኝ «በጋሼ ማሽን»። ባለፈው ስሄድ የመጨረሻው መስመር «12 ከ20 / 18:20፤ ሲስተም አለ፣ መብራት ነው የሌለው» ይላል።